ሰዓትዎ አልቋል

ማክሰኞ ረፋድ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጅማ ፍርድ ቤት ማዶ፣ ከክሱ፣ ከይግባኙ፣ ከውክልናው ተራ፣
ገጹን በሃያ ብር ከምጽፍበት ስፍራ፣
መጡ አቶ ሙስባ፣ የአባ ሜጫ ልጅ፤
አሥር ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ላይ ስለ እኛ የተነሣ እጅ።
ዛሬ ግን ጡረታ፣ ዛሬ ግን ከዘራ፣
በፌስታል ጠቅልለው አንድ ክምር ወረቀት፣ የምክር ቤት ሥራ።

«ልጄ፣ ልጆቼ ‹ምን ሠራህ?› ይሉኛል፣
እኔም ረስቼዋለሁ፤
ከቃለ ጉባኤው ለቅመሽ ብትጽፊው ይሻለኛል።»

ጻፍኩ።
የበጀት አዋጅ፦ ድጋፍ። የታክስ ማሻሻያ፦ ድጋፍ።
የብድር ስምምነት፣ ከነወለዱ፣ ከነእፎይታ ጊዜው፦ ድጋፍ።
ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ደረቅ ወደብ፣
ስለ ማዕድን፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ሚዛን ማሻሻያ፦
ድጋፍ፣ ድጋፍ፣ ድጋፍ።
ጣቴ ሲዝልብኝ ቃሉን አንዴ ቀድቼ ቁልቁል ለጠፍኩት፤
እንዲያ እንዲያ እያልኩ ነው ሦስት መቶ የደረስኩት።
እሳቸውም እንዲያ ይመስለኛል የደረሱት።

(እጅ ማንሣት ከእጅ መንሣት
የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው፤
ስትጽፊ ካልተጠነቀቅሽ
ሰውየው ድምፅ ይስጥ፣ ይስገድ፣ አይታወቅም።)

ተቃውሞ፦ የለም።
ድምፀ ተአቅቦ፦ አንድ።

«ይቺ አንዷ ምንድን ናት?» አልኩ።
ከዘራቸውን መሬት ላይ አዞሩት፣ አዞሩት።
«እሷማ… የዚያን ቀን ትከሻዬን አሞኝ ነበር፤ እጄ አልነሣ አለ።
ጅማ ስገባ ሻይ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ‹ጀግና!› አለ።
አላስተባበልኩም።»
ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ።
«ይሄን አትጻፊ» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ወይም ጻፊው።»

ከክምሩ ሥር፣ ሻይ ከነካው ገጽ ላይ፣
በአሥር ዓመት አንዲት ጥያቄ አገኘሁ፤ ሌላ አላየሁም፣ ሌላም የለም።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አመሰግናለሁ። በምርጫ ክልሌ
ከቦዬ ረግረግ ማዶ ያለው ሕዝብ ክረምት ሲገባ የሚሻገረው በግንድ ነው።
ባለፈው ሐምሌ አንዲት ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ስትወሰድ፣ ግንዱ…
እና ክቡር ሚኒስትሩ ቢያብራሩልን፣ የዚህች ድልድ—»

አፈ ጉባኤ፦ «የተከበሩ፣ ሰዓትዎ አልቋል።»

እኔ ቤቴ ከቦዬ ማዶ ነው።
ያቺ ነፍሰ ጡር ማን እንደነበረች ለማስታወስ ሞከርኩ፤
ጀሚላ ትሆን? የቀለሟ እህት? የባለ ወፍጮው ምሽት?
ብዙ ስለነበሩ መለየት አቃተኝ።
የሰፈሬ ስም ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቀን ተጠርቶ ኖሯል፤
ተጠርቶ፣ ሳይጨርስ፣ ማይኩ ተዘግቷል።

ጠቋሚው ከ«ድ» አጠገብ ቆሞ ብልጭ፣ ድርግም ይላል።
«‹ይ›ን ልጨምርላት?» አልኳቸው።
«ተይ» አሉ። «መዝገብ ነው። ያልተባለ አይጻፍም።»

አተምኩት። አሥራ አንድ ገጽ።
የአሥሩን ተቀበልኩ፤ የአንዷን መለስኩ፤
የትኛዋ እንደሆነች አልነገርኳቸውም፣ አልጠየቁኝም።
ወጥተው መንገዱ ዳር ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤
ሁለት ባጃጅ አለፋቸው፣ ሦስተኛው ቆመ።

ማታ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ወረድኩ።
ግንዱን የእሑድ ጎርፍ ወስዶታል።
ጫማዬን በእጄ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ።
ከወዲህ «ድልድ»፣ ከወዲያ ቤቴ፣ መብራቱ በርቶ ይታያል።
ያቺን የቀረች ፊደል
በእግሬ ገባሁባት።
ውኃው እስከ ጉልበቴ ነው።